ጎዶሎ ረድፍ የሌለው በቆሎ

(የመግቢያ ሙዚቃ። ቀስ እያለ ይደበዝዝና የመንገድ ድምፅ ይተካዋል፤ የታክሲ ረዳቶች ጥሪ፣ ከላይ የሚያልፍ ባቡር።)



የምትሰሙት ጥሪ ከአዲስ አበባው ሜክሲኮ አደባባይ የተቀዳ ነው። ክረምት ነው፤ ዝናቡ ገና ማባራቱ ነው። የጀሞና የአየር ጤና ታክሲ ሰልፍ ተጠማዝዞ መጨረሻው አይታይም። እኔም ከተሰላፊዎቹ አንዱ ነኝ፤ ዓይኔ ግን ሰልፉ ላይ የለም። ጥግ ላይ አንዲት እናት የከሰል ማንደጃ አስቀምጠው እሸት በቆሎ እየጠበሱ ነው፤ ሽታው ሰልፈኛውን ሁሉ ወደዚያው ያስዞረዋል።

ለዛሬው ዝግጅት ምክንያት የሆነኝ ግን በቆሎው ሳይሆን አንድ ስልክ ነው። ሦስተኛ ዓመት የባዮሎጂ ተማሪ የሆነው የእህቴ ልጅ ሰልፉ መሀል ሳለሁ ደወለልኝ። «አጎቴ፣ ኢሌክቲቭ ምረጡ ተብለናል። ሲኒየሮች አንደኛው ቀላል ነው፣ መምህሩም ግሬድ አይሰስትም ይላሉ። ምን ልውሰድ?» አለኝ።

መልሱን ወዲያው አልሰጠሁትም። ምክንያቱም እኔ ራሴ በተማሪነቴ ያንኑ ጥያቄ ለሲኒየር ጠይቄ፣ ያንኑ መልስ ሰምቼ፣ ቀላል የተባለውን ወስጄ ኤ ያገኘሁ ሰው ነኝ። ከዚያ ኮርስ ዛሬ የማስታውሰው የሃንድአውቱን ሽፋን ብቻ ነው፤ አረንጓዴ ነበር። ውስጡ ምን እንደተጻፈ ጠይቁኝና እዚሁ ላፍር።

ነገሩን ለማታውቁት ጠቅለል አድርጌ ላስረዳ። አንድ የባዮሎጂ ተማሪ የሚወስዳቸው ኮርሶች ብዙ ዓይነት ናቸው። ማንኛውም ተማሪ የሚማራቸው የጋራ ኮርሶች አሉ፤ እነዚህ በ2012 ዓ.ም. የፍሬሽማን ትምህርት ከተመለሰ ወዲህ በርከት ብለዋል። እንደ ኬሚስትሪና ስታትስቲክስ ያሉ ደጋፊ ኮርሶች አሉ። ጀርባ አጥንቱ ሜጀር የሚባለው ነው፤ የሕዋስ ባዮሎጂ፣ ጄኔቲክስ፣ ኢኮሎጂ፣ ማይክሮባዮሎጂና የመሳሰሉት። ከዚያ በሥርዓተ ትምህርቱ ዳር ላይ «ኢሌክቲቭ» ወይም «ተመራጭ» የምትል አነስተኛ ሰንጠረዥ ትገኛለች። ኢትኖቦታኒ ማለትም ሕዝብ ስለ ዕፅዋት ያለው ዕውቀት፣ የዓሣ ሀብት፣ የዱር እንስሳት አያያዝ፣ የአፈር ማይክሮባዮሎጂ፣ የነፍሳት ጥናት፣ ባዮኢንፎርማቲክስ እያለች ትቀጥላለች። ተማሪው ከነዚህ ሁሉ ብዙውን ጊዜ የሚደርሰው አንድ፣ ቢበዛ ሁለት ነው።

ነገሩ አዲስ አይደለም። ሃርቫርድን ከ1869 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የመራው ቻርልስ ኤሊየት ተማሪው ኮርሱን ራሱ ይምረጥ ብሎ ተነስቶ፣ በዘመኑ ብዙ ፕሮፌሰር አስኮርፎ ነበር። እኛ ጋ ደግሞ ተማሪውን የሚያስኮርፈው ሌላ ነው። ወረቀቱ ላይ ብዙ ኮርስ ተዘርዝሮ ይቆይና፣ ሴሚስተሩ ሲደርስ ዲፓርትመንቱ ባለው መምህር ልክ አንዱን ይከፍታል። ተማሪው «ተመራጭ» የተባለውን ኮርስ ተመርጦለት ይወስዳል። በነገራችን ላይ የሚፈልጉትን ኮርስ ተማሪዎች ስም አሰባስበው ምዝገባ ከመድረሱ በፊት ቢጠይቁ አንዳንዴ ይሳካል። ምዝገባ ካለቀ በኋላ ማጉረምረም ግን ዋጋ የለውም።

አሁን ወደ በቆሎው ልመልሳችሁ።

(የከሰል ፍንጣሪ፤ የማራገቢያ ድምፅ።)

«እማማ፣ አንድ ስጡኝ» አልኩ። ልብሱን ገፈው ከእሳቱ ላይ አጋደሙት። ከመብላቴ በፊት ዳር ዳሩን በጣቴ እየያዝኩ ረድፉን መቁጠር ስጀምር ቀና ብለው አዩኝ።

«ምን ትፈልጋለህ ልጄ?»

«ረድፉን እየቆጠርኩ ነው፣ እማማ።»

«ቁጠር፤ ቆጥረህ ስትጨርስ ግን ብላው።»

አሥራ አራት ረድፍ ነበረው። ሌላውን አየሁ፤ አሥራ ሁለት። አድማጮች፣ ነገ በቆሎ ስትገዙ ሞክሩት፤ ረድፉ ሁልጊዜ ለማለት ይቻላል ተጋማሽ ቁጥር ነው። አሥራ ሦስት ወይም አሥራ አምስት ልታገኙ አትችሉም ባልልም፣ ብዙ በቆሎ ያስፈጃችኋል። ምክንያቱ ምን መሰላችሁ? ፍሬ የሚሆኑት ጥቃቅን አበቦች ቆረቆንዳው ላይ የሚበቅሉት ጥንድ ጥንድ ሆነው ነው። አንዱ ጥንድ ሁለት ረድፍ ይወልዳል፤ ሰባት ጥንድ አሥራ አራት።

ይህን ያስተማረኝ ከሜጀር ኮርሶቼ አንዱም አልነበረም። አጋጣሚ ሆኖ በሌላ ሰው ደብተር ላይ ያነበብኩት ነው፤ የዕፅዋት አካል አሠራርን ኢሌክቲቭ አድርጋ የወሰደች ልጅ ደብተር ነበር። እኔ ኤ ይዤ ወጣሁ፤ እሷ በቆሎውን ይዛ ወጣች።

የዚህ አደባባይ ስም ሜክሲኮ መሆኑ ደግሞ ለዛሬ ወሬያችን ጥሩ ግጥምጥሞሽ ነው። ፋሺስት ጣሊያን አገራችንን ሲወርር፣ ወረራውን አንቀበልም ብለው በጽናት ከቆሙት ጥቂት አገሮች አንዷ ሜክሲኮ ነበረች። አፄ ኃይለ ሥላሴ በ1946 ዓ.ም. ሜክሲኮን ጎብኝተዋል። በሜክሲኮ ሲቲም «ኢትዮጵያ» የሚባል አደባባይ አለ፤ በስሙ የተጠራው የምድር ውስጥ ባቡር ጣቢያ ምልክቱ የአንበሳ ራስ ነው። የእኛው ሜክሲኮ የዚያ ወዳጅነት ማስታወሻ ነው። የበቆሎም አገሩ ሜክሲኮ ነው። በደቡብ ሜክሲኮ፣ በባልሳስ ወንዝ ሸለቆ፣ ከዛሬ 9 ሺህ ዓመት ገደማ በፊት ገበሬዎች ቴኦሲንቴ ከሚባል የዱር ሣር አላመዱት። ወደ እኛ በ16ኛው ወይም በ17ኛው ክፍለ ዘመን ገደማ እንደደረሰ ይገመታል። በአንዳንድ አካባቢ «የባሕር ማሽላ» መባሉ ከባሕር ማዶ መምጣቱን ሕዝቡ እንዳልረሳ ያሳያል።

ቴኦሲንቴን ብታዩት ግን የበቆሎ አያት ነው ብትባሉ አታምኑም። ፍሬው ከአምስት እስከ አሥራ ሁለት ቢሆን ነው፤ እያንዳንዱም እንደ ጠጠር በጠነከረ ቅርፊት የተዘጋ። ሳይንቲስቶችም ለረጅም ጊዜ አልተስማሙም። ጆርጅ ቢድል የሚባል፣ በ1958 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት ያገኘ የጄኔቲክስ ሊቅ፣ ከወጣትነቱ ጀምሮ «አያቱ ይኸው ነው» ይል ነበር። ጡረታ ከወጣ በኋላ ወደዚህ የወጣትነት ክርክሩ ተመለሰና ሜክሲኮ ውስጥ በቆሎንና ቴኦሲንቴን አዳቅሎ፣ የልጅ ልጆቻቸውን 50 ሺህ ያህል ተክል አበቀለ።

እዚህ ላይ እርሳስና ወረቀት ያላችሁ አንሱ። ሁለቱን ዕፅዋት የሚለያያቸው አንድ ጂን ብቻ ቢሆን፣ ከልጅ ልጆቹ ከአራቱ አንዱ ቁርጥ አንዱን አያት ይመስላል። ሁለት ጂን ቢሆን ከ16 አንዱ፤ ሦስት ቢሆን ከ64 አንዱ፤ አራት ቢሆን ከ256፤ አምስት ቢሆን ከ1,024 አንዱ። ቢድል ቆጠረ፤ ከ500 አንድ ያህሉ ጥርት ያለ በቆሎ፣ ከ500 አንድ ያህሉ ጥርት ያለ ቴኦሲንቴ ሆኖ ተገኘ። ይህ ከ256 እና ከ1,024 መሀል ነው። እንግዲህ ያን ሁሉ የመልክ ልዩነት በዋናነት የሚሸከሙት አራት ወይም አምስት ጂኖች ናቸው ማለት ነው። ኋላ የመጡት ተመራማሪዎች በሞለኪውል ደረጃ ሲፈትሹ፣ የቅርፊቱን ጥንካሬ በዋናነት አንድ ጂን እንደሚቆጣጠረው አረጋገጡ። የባዮሎጂ ተማሪዎች ሁላችሁም ጄኔቲክስን በሜጀርነት ተምራችኋል፤ አንድ አራተኛ የምትለዋን ቁጥር ለፈተና ሸምድዳችኋታል። ዕፅዋትን ማዳቀል የሚባለውን ኢሌክቲቭ የወሰደ ተማሪ ግን ያቺን አንድ አራተኛ ማሳ ውስጥ ወርዶ ይቆጥራታል። ልዩነቱ ይኼው ነው።

በቆሎ በምርት ብዛት ከአገራችን ሰብሎች አንደኛ ስለሆነ ጠላቱም ብዙ ነው። በ2009 ዓ.ም. የአሜሪካ ተምች በደቡብ ምዕራብ በኩል ሲገባ፣ ገበሬው ቤተሰቡን ይዞ ማሳ እየወረደ ትሉን በእጁ ሲለቅም አይተናል። የነፍሳት ጥናት ለወሰደ ሰው የመጀመሪያው ጥያቄ «ምን ይረጭ?» አይደለም፤ «እናቲቱ የት ትጥላለች? በአገሯ ማን ይበላታል?» ነው። ሰብሉ ተርፎ ጎተራ ሲገባ ነቀዝ ይጠብቀዋል። እርጥበት ካገኘው ደግሞ ሻጋታ፤ ያውም አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ የሚያመነጭ ሻጋታ። ይህ መርዝ የታወቀው በ1960 እ.ኤ.አ. እንግሊዝ አገር 100 ሺህ ያህል የቱርክ ዶሮ በተበከለ የኦቾሎኒ መኖ ካለቀ በኋላ ነው። ፈንገስ ጥናትን «የእንጉዳይ ኮርስ» ብለው የሚቀልዱ ተማሪዎች ይህን ቢሰሙ ይበጃቸዋል።

ስለ አቀንጭራ ትንሽ ልቆይ፤ እወደዋለሁ፣ አረም ቢሆንም። አቀንጭራ ዘሩ እንደ አቧራ የደቀቀ ነው። አፈር ውስጥ ዓመታት ተኝቶ ይቆያል። የሚነቃው የማሽላ ወይም የበቆሎ ሥር አጠገቡ ደርሶ የሚያንጠባጥበው ኬሚካል ሲሸተው ብቻ ነው። ያኔ ይበቅልና ሥሩ ላይ ተጣብቆ ይጠባዋል። ወሎንኮሚ ተወልደው ዓለማያ የተማሩት ፕሮፌሰር ገቢሳ ኤጄታ ከሥራ ባልደረቦቻቸው ጋር ይህን የኬሚካል ንግግር ተከታትለው፣ አቀንጭራውን የማይቀሰቅስ ማሽላ አዳቀሉ። በ2009 እ.ኤ.አ. የዓለም የምግብ ሽልማትን ተቀበሉ። የዕፅዋት ፊዚዮሎጂ ነው ትሉታላችሁ? ኬሚስትሪ ነው? ኢኮሎጂ ነው? አረሙ የኮርስ ኮድ አያውቅም።

ከሜክሲኮ የመጣው ሁሉ ደግሞ እንደ በቆሎ እንግዳ ተቀባይ ቤት አልገባም። ቅንጨ አረም የምንለው፣ መንገድ ዳር ነጫጭ አበባ አውጥቶ የሚታየው፣ የሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ አካባቢ ተወላጅ ነው። እዚህ የሚበላው አላገኘምና ማሳና ግጦሽ ወረረ። እዚያ አገሩ የምትበላው ጥንዚዛ አለች። ተመራማሪዎቻችን ጥንዚዛዋን አስመጥተው፣ ኑግና ጤፍ ጨምሮ ሌላ ሰብል እንዳትነካ በተዘጋ ቦታ ፈትነው ለቀዋታል። በአንጻሩ ትግራይ ውስጥ ለቀይ ቀለም ምርት ተብላ የመጣችው ኮቺኒያል የምትባል ነፍሳት ከታሰበላት ቦታ ወጥታ የሕዝቡን በለስ ፈጅታለች። ሁለቱም ነፍሳት፣ ሁለቱም ከውጭ የመጡ። አንዷ ተፈትና፣ አንዷ ሾልካ። እኔ የነፍሳት ኮርስ መምህር ብሆን ሙሉ ሴሚስተሩን በነዚህ ሁለት ታሪኮች እጨርሰው ነበር።

በርበሬም ከዚያው ከሜክሲኮ ነው። አፍን የሚያቃጥለው ካፕሳይሲን የተባለው ነገር እኛን አጥቢዎችን እንጂ ወፍን አያቃጥልም፤ ወፍ ፍሬውን በልታ ዘሩን ሳታደቅቅ ሩቅ ትጥለዋለችና ለተክሉ ባለውለታ ናት። ይህ ማቃጠል በነርቭ ላይ እንዴት እንደሚሠራ ያሳየው ዴቪድ ጁልየስ በ2021 እ.ኤ.አ. ኖቤል ሲሸለም፣ እኛ ሽሮ ላይ ሆነን ነው ዜናውን የሰማነው።

(አጭር ሙዚቃ።)

የእህቴን ልጅ መልሼ ስደውልለት መጀመሪያ የጠየቅሁት «የት ነህ?» ብዬ ነው። ሳቀ፤ «ዩኒቨርሲቲ ነኛ!» አለ። የጠየቅሁት ግን ግቢው በምን እንደተከበበ ነው። ባሕር ዳር የሚማር ተማሪ ጣና አጠገቡ ነው። ሐይቁ ውስጥ በዓለም ሌላ ቦታ የማይገኙ ከአሥር በላይ የዓሣ ዝርያዎች አሉ፤ በላዩ ደግሞ እምቦጭ ተንሰራፍቷል። እዚያ ተቀምጦ የውኃ አካላት ጥናትን ትቶ ሌላ መምረጥ ዳቦ ቤት ሆኖ መራብ ነው። ጎንደር ላለው ሰሜን ተራራ፣ ጭላዳና ዋልያ አሉለት። አርባ ምንጭ ላለው ጫሞና ነጭ ሳር። ጅማ ላለው ቡናው ከነጫካው። አዲስ አበባ ያለው ደግሞ አራት ኪሎ ብሔራዊ ሐርበሪየም አለለት፤ ደርቀው በወረቀት ላይ የተሰፉ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ዕፅዋት የሚገኙበት። የኢትዮጵያና የኤርትራ ዕፅዋት መጽሐፍ የተሠራው በዚያ ነው፤ በ1980 እ.ኤ.አ. ተጀምሮ በ2009 ተጠናቀቀ። ወደ 6 ሺህ የሚጠጉ ዝርያዎች ተመዝግበውበታል፤ ከአሥሩ አንዱ ያህል ከእኛ ምድር ውጭ አይበቅልም። የጽጌረዳና የእንሰት ልዩነት ብቻ የሚያውቅ ተማሪ በዚያ በር ገብቶ ሲወጣ መንገድ ዳር ያለውን ሣር እየረገጠ ማለፍ ያቅተዋል።

ሁለተኛው ጥያቄዬ «መምህሩ ምን ይመራመራል?» የሚል ነው። ኢሌክቲቭ ላይ መምህሩ ብዙውን ጊዜ የሚያስተምረው ራሱ ሕይወቱን የሰጠለትን ነገር ነው። ከሃንድአውቱ ውጭ የሚያወራው ይኖረዋል። የመመረቂያ ጽሑፍህንም ከዚያው ታወጣለህ፤ ማይክሮስኮፑን የት እንደሚቆልፉ ታውቃለህ። ቅድመ ኮርስ መኖሩንም አጣራ፤ ሞለኪውላር ባዮሎጂና ስታትስቲክስ ሳይወስዱ ባዮኢንፎርማቲክስ ውስጥ የገቡ ልጆች ሴሚስተሩን ሙሉ ስክሪን አፍጥጠው ሲያሳልፉ አይቻለሁ።

እርሱም አንድ ነገር ተከራከረኝ፤ ልክም ነው። «አጎቴ፣ የመውጫ ፈተናው ላይ ኢሌክቲቭ አይመጣም» አለ። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ተመራቂ ሁሉ የመውጫ ፈተና ማለፍ አለበት፤ ጥያቄው የሚወጣው ከዋና ዋና ኮርሶች ነው። ስለዚህ ተማሪው ጊዜውን ለሜጀሩ ማድላቱ ስስት አይደለም፤ ሥርዓቱ የነገረውን መስማቱ ነው። ቢሆንም ከፈተናው በኋላ ሥራ ፍለጋ ሲኬድ ቀጣሪው ፊት የሚያስወራው የትኛው ነው? «ሕዋስ የሕይወት መሠረታዊ አሃድ ነው» የሚለውን ሁሉም ተመራቂ ይላል። «በዚህ ወንዝ ዳር ሦስት ወር ቀንድ አውጣ ለቅሜያለሁ» የሚል ጥቂት ነው።

ቀንድ አውጣ ካነሳን ዶክተር አክሊሉ ለማን እናስታውስ። በ1964 እ.ኤ.አ. ዓድዋ ለቢልሃርዝያ ጥናት ወርደው ነበር። ቢልሃርዝያን የሚያስተላልፈው ቀንድ አውጣ ነው። ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ዝቅ ብሎ፣ ቀንድ አውጣዎቹ ሞተው ተንሳፍፈው አዩ። ያን ወንዝ ስንት የተማረ ሰው ተሻግሮታል። እርሳቸው ግን ጥገኛ ተሕዋስን፣ ቀንድ አውጣንና እንዶድን በአንድ ዓይን ማየት ቻሉ። ከዚያ በኋላ ከባልደረባቸው ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር በሠሩት ሥራ በ1989 እ.ኤ.አ. «አማራጭ ኖቤል» የሚባለውን ሽልማት አገኙ። በዚያው ዓመት ሌላው ኢትዮጵያዊ፣ የአገር ዘርን በባንክ ያኖሩት ዶክተር መላኩ ወረደም ተሸልመዋል። የዓድዋዎቹ አጣቢዎች ግን እንዶዱን ከማንም ቀድመው ያውቁት ነበር። ኢትኖቦታኒ የሚባለውን ኮርስ የምወድደው ለዚህ ነው፤ መምህሩ ነጭ ጋዋን ላይለብስ ይችላል።

(የመንገዱ ድምፅ ይመለሳል።)

በቆሎዬን ግማሽ እንዳደረስኩ እማማ አንዱን አንስተው አሳዩኝ። እዚህም እዚያም ፍሬ የጎደለው፣ ጥርሱ የወለቀ አፍ የመሰለ ነበር።

«አንተ ቆጣሪ! ይኼስ ለምን እንዲህ ሆነ?»

ፀጉሩን አሳየኋቸው፤ እሳቱ ላይ ሊጥሉት የነበረውን። እያንዳንዷ ክር የአንዲት ፍሬ ናት፤ ከላይ ከወንዴው አበባ ብናኝ ወርዶ ክሯ ላይ ካረፈ፣ በክሯ ውስጥ ለውስጥ ተጉዞ ፍሬዋን ይሞላታል። ያልደረሰላት ባዶ ትቀራለች። አበባ ላይ እያለ ውኃ ከጠማው ክሩ ይዘገያል፤ ብናኙ ቀድሞ ያልቃል።

«ዘንድሮ በእኛ በኩል ዝናቡ ዘግይቶ ነበር» አሉ፤ ጥቂት ዝም ብለው አራገቡ። ቀጥለው፦ «እሺ ይኼ ደግሞ፤ ጠዋት የመጣው እሸት ማር ማር ይላል። ሲያድር ግን ጣዕሙ ይጠፋል። ይኼስ?»

ስኳሩ ከተቆረጠበት ሰዓት ጀምሮ ወደ ስታርች፣ ወደ ዱቄትነት እንደሚለወጥ ነገርኳቸው። ፈገግ አሉ።

«እሱንማ እኔም አውቃለሁ፤ ለዚህ አይደል ሳላሳድር የምሸጠው። እናንተ ምን ስም አወጣችሁለት?»

«ፕላንት ፊዚዮሎጂ ይባላል፣ እማማ።»

«ይባል። አንተ ግን የበላኸው ትልቁን ነው፤ አሥር ብር ጨምር።»

(ሙዚቃ።)